«ባዶ ፈሳሽ» ወይስ «የሳሳ ፈሳሽ»? የፈሳሽና የተን ሁነቶች በአማርኛ ስያሜ

ሳይንሳዊ ስያሜ ብዙውን ጊዜ ከዕለት ተዕለት ልምድ ይቀዳል። ልምዱና ጽንሰ ሐሳቡ ሲጣረሱ ግን ቃሉ ራሱ አንባቢን ያሳስታል። በገጻቸው ላይ ጥቂት መጣበቂያ ነጥቦች ያሏቸው ቅንጣቶች በኮምፒውተር ሲሙሌሽን የሚያሳዩት ጠባይ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

ከተኑ ጋር አብሮ ያለ ተራ ፈሳሽ ሲቀዘቅዝ እፍጋቱ ይጨምራል። ቢያንኪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ግን የነጥቦቹ አማካይ ብዛት ወደ ሁለት ሲቃረብ እጅግ ዝቅተኛ እፍጋት ያለው ፈሳሽ ሊኖር እንደሚችል አሳዩ፤ «ባዶ» የሚል ቅጽልም ሰጡት። ሩሶና ባልደረቦቹ በ2011 ያቀረቡት ሞዴል ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። እያንዳንዱ ቅንጣት «ሀ» እና «ለ» የተባሉ ነጥቦች አሉት። ሀ ከሀ ጋር ሲያያዝ ሰንሰለት፣ ሀ ከለ ጋር ሲያያዝ ቅርንጫፍ ይፈጠራል። አንድ የሀ–ሀ ትስስር ቢፈታ ሁለት ነጻ ጫፎች ይገኛሉ፤ እነዚህም ሁለት ቅርንጫፎች ሊሠሩ ይችላሉ። የሀ–ለ ትስስር ጉልበት ከሀ–ሀ ግማሽ በታች፣ ከሲሶው በላይ ከሆነ ይህ ልውውጥ በኃይል ረገድ ኪሳራ ነው። በመጠነኛ ሙቀት ቅርንጫፎች በርካታ የአደራደር አማራጮች ስለሚሰጡ ይኖራሉ፤ ቅዝቃዜው ሲበረታ ግን ይመናመናሉ። መረቡን የሚያቆሙት እነርሱ በመሆናቸው ፈሳሹ እየቀዘቀዘ ይሳሳል፤ እፍጋቱም ወደ ተኑ ይጠጋል።

ይህን በአማርኛ ለመግለጽ ሦስት ቃላት ጥንቃቄ ይሻሉ። «ጋዝ» በቤት ውስጥ ንግግር ላምባን፣ ማለትም ራሱ ፈሳሽ የሆነ ነገርን፣ ይጠራል። «እንፋሎት» ትኩስነትን ያስከትላል፤ እዚህ ግን የሚነገረው ስለ ቅዝቃዜ ነው። ስለዚህ ከ«ተነነ» የወጣው «ተን» ይመረጣል። «ፈሳሽ» ከ«ፈሰሰ» ቢወጣም መለያው መፍሰስ ሳይሆን አብረው ከሚኖሩት ሁለት ሁነቶች የላቀ እፍጋት ያለው መሆኑ ነው፤ መረቡ ሲጠነክር እምብዛም ላይፈስ ይችላልና።

ከሁሉም የሚያሳስተው «ባዶ» ነው። ባዶ እንጀራ ወጥ የሌለው እንጀራ እንደሆነ ሁሉ፣ «ባዶ ፈሳሽ» የሚለውን አንባቢ ምንም ያልተቀላቀለበት ፈሳሽ አድርጎ ይወስደዋል። «ቀጭን»ም ቢሆን የወጥን ቅጥነት ያስታውሳል፤ እርሱ ደግሞ የአፈሳስ እንጂ የእፍጋት ጉዳይ አይደለም። «የሳሳ ጸጉር»፣ «የሳሳ ደን» ስንል ግን ነገሩ እንዳለ ሆኖ በመካከሉ ክፍተት መብዛቱን እንገልጻለን። ሲሙሌሽኑ የሚያሳየው መረብም እንዲሁ ነው፤ «የሳሳ ፈሳሽ» የሚለው ስያሜ የተሻለ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ የቃል መራጭ የመጀመሪያ ጥያቄ «የውጭው ቃል ፍቺ ምንድን ነው?» ሳይሆን «ሞዴሉ አንዱን ሁነት ከሌላው የሚለየው በምንድን ነው?» የሚል ሊሆን ይገባል።