ከመቀስ የተረፉት፦ የ1930ዎቹ አስፈሪ ፊልሞች ፉክክር

አስፈሪ ፊልም የሚወዱ ሰዎች በተሰበሰቡበት «የ1930ዎቹ ምርጥ የቱ ነው?» የሚል ጥያቄ ከተነሣ «ድራኩላ» እና «ፍራንከንስታይን» መጠራታቸው አይቀርም። ትንሽ ቆይታ «የፍራንከንስታይን ሙሽራ» ትመጣለች። ከዚያ አንዱ «ኪንግ ኮንግስ?» ሲል ሌላው «እሱማ ጀብዱ እንጂ መች አስፈሪ ሆነ» ብሎ ይመልስለታል። በዚህ ሁሉ ሙግት መሃል ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ደረጃ የሚወጣላቸው ፊልሞች ያኔ ተመልካች ፊት በቀረቡበት መልክ የደረሱን አይደሉም። አንዳንዱ በሳንሱር መቀስ ተቆራርጧል፣ አንዳንዱን የገዛ ባለቤቱ ደብቆታል፣ አንዳንዱም ጠፍቶ ከርሞ በአጋጣሚ ተገኝቷል። ስለዚህ ስለ ችሎታ የምንከራከር ቢመስለንም ግማሹ ክርክራችን ስለ ፊልም ጥቅልሎች ዕጣ ነው።

ዘመኑ (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የጀመረው በ1931 ነው ማለት ይቻላል። ሆሊውድ ድምፅ ያለው ፊልም መሥራት ከጀመረ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር፤ አሜሪካም በኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ነበረች። ዩኒቨርሳል ስቱዲዮን የመሠረተው ካርል ሌምሌ የምርት ሥራውን ለልጁ ለጁኒየር አስረክቦ ነበርና፣ ይህ ወጣት አባቱ ብዙም ባልወደዱት ዓይነት ፊልም ላይ ገንዘብ አፈሰሰ። በየካቲት «ድራኩላ»፣ በኅዳር «ፍራንከንስታይን» ወጡ፤ ሁለቱም ገበያ አገኙ።

«ድራኩላ»ን ዛሬ ለሚያይ ሰው ፊልሙ ሁለት ይሆንበታል። በትራንሲልቫኒያ ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚያልፈው መጀመሪያው ክፍል እስካሁን ያስደነግጣል። ካሜራውን የያዘው ካርል ፍሮይንድ በጀርመን «ሜትሮፖሊስ»ን ከቀረጹት አንዱ ነበር፤ የሸረሪት ድሩንና ደረጃውን ያየበት ዓይን ከዚያ የመጣ ነው። ታሪኩ ለንደን ከገባ በኋላ ግን ሰዎች ሳሎን ውስጥ ቆመው ያወራሉ፤ ፊልሙ የቲያትር ልጅ መሆኑ ይታወቅበታል። የመክፈቻው የቻይኮቭስኪ ዜማ ካለፈ ሙዚቃም የለውም ማለት ይቻላል። ዝምታው ለአንዳንዱ ድክመት ነው፤ ለእኔ ድራኩላን ከተጫወተው ከቤላ ሉጎሲ አነጋገር ቀጥሎ የፊልሙ ትልቁ ሀብት እሱ ነው።

የዚህ ፊልም መንትያ ደግሞ አለ። ያን ጊዜ የተዋንያኑን ድምፅ በሌላ ቋንቋ መተካት ገና ስላልተለመደ ስቱዲዮዎች ለውጭ ገበያ አንዱን ታሪክ በሌላ ቋንቋ እንደገና ይቀርጹ ነበር። የእንግሊዝኛው ቡድን ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ የስፓኒሽኛው ቡድን በዚያው ቤተ መንግሥት፣ በዚያው ደረጃ ላይ ሌሊቱን ይሠራል። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሜልፎርድ ነበር፤ ዋናዋ ተዋናይት ሉፒታ ቶቫር። ካሜራው ይንቀሳቀሳል፣ ርዝመቱም ከእንግሊዝኛው 75 ደቂቃ ግማሽ ሰዓት ያህል ይበልጣል። ይህ ቅጂ ለአሥርተ ዓመታት በክርክሩ ውስጥ ስም አልነበረውም፤ የጎደለው አንድ ጥቅልል ኩባ ውስጥ በተቀመጠ ቅጂ ላይ ተገኝቶ ነው በ1990ዎቹ ሙሉ ሆኖ የወጣው። ዛሬ ከእንግሊዝኛው ዳይሬክተር ከቶድ ብራውኒንግ «ድራኩላ» ይሻላል የሚሉ ብዙ ናቸው። በካሜራ ሥራ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ሉጎሲ የሌለበት ድራኩላ ጌታው የሄደበት ቤት ነው።

በ«ፍራንከንስታይን» ላይ መቀሱ ያደረገው ከዚህ የባሰ ነው። ቀድሞ ለሉጎሲ ታስቦ የነበረውን የጭራቅ ሚና የወሰደው ቦሪስ ካርሎፍ ያኔ ብዙም የማይታወቅ ስለነበር፣ በመክፈቻው ጽሑፍ ላይ በስሙ ቦታ የጥያቄ ምልክት ብቻ ተቀመጠ። የሜካፕ ባለሙያው ጃክ ፒርስ ጠፍጣፋውን ግንባርና ከባዱን የዐይን ሽፋን በየቀኑ ለሰዓታት ተጨንቆ ይሠራው ነበር። ዳይሬክተሩ ጄምስ ዌል ጭራቁን እንደ ሕፃን ነው ያየው። ከትንሿ ልጅ ጋር በሐይቁ ዳር አበባ እየወረወረ የሚጫወትበት ትእይንት ዋናው ማስረጃ ነው፤ አበባው ሲያልቅበት እሷም የምትንሳፈፍ መስሎት ይወረውራታል። ቆራጮቹ ይህን አወጡት። የቀረው ጭራቁ እጁን ወደ ልጅቱ ሲዘረጋ፣ ቀጥሎም አባት የልጁን ሬሳ ተሸክሞ ሲመጣ ብቻ ስለነበር ተመልካቹ በመካከል የሆነውን ራሱ እየገመተ ከእውነተኛው የከፋ ነገር አሰበ። ሳንሱር ከቆረጠው ክፋት ይልቅ የፈጠረው ክፋት በለጠ። ትእይንቱ የተመለሰው በ1980ዎቹ ነው።

በ1935 የመጣችው «የፍራንከንስታይን ሙሽራ» ብዙውን ጊዜ የዘመኑ ዘውድ ትባላለች፤ ይገባታልም። ዌል በዚህኛው ላይ ፈርቶም ሳቀ፣ ስቆም አስፈራ። ኤልሳ ላንቸስተር በመግቢያው ደራሲዋን ሜሪ ሼሊን፣ በመጨረሻው ደግሞ ሙሽራይቱን ሆና ትጫወታለች። ሙሽራይቱ የምትታየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ሲሆን ያቺ ነጭ መስመር ያለባት ቀጥ ያለች ፀጉር ግን ፊልሙን ያላዩ ሰዎችም ያውቋታል። ፍራንዝ ዋክስማን የጻፈው ሙዚቃ ከ«ድራኩላ» ዝምታ ጋር ሲነጻጸር አራት ዓመት ምን ያህል እንደሆነ ያሳያል።

የዩኒቨርሳል ደጋፊዎች ከአጥሩ ውጭ ሲወጡ ነው ክርክሩ የሚጣፍጠው። ሩበን ማሙሊያን ለፓራማውንት የሠራው የ1931ዱ «ዶክተር ጄኪልና ሚስተር ሃይድ» በጄኪል ዐይን ይከፈታል፤ መስታወት ፊት እስኪቆም ድረስ ፊቱን አናይም። ሰውየው ቀረጻው ሳይቋረጥ በዐይናችን ፊት የሚለወጥበት ዘዴ ለዓመታት ምስጢር ነበር። ፊቱ በቀለም ተቀብቶ፣ መብራቱ ወይም ካሜራው ፊት ባለቀለም ማጣሪያ ሲቀያየር የተደበቀው ቀለም በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ቀስ እያለ ይወጣል። ፍሬድሪክ ማርች በዚህ ሚና ከዋላስ ቢሪ ጋር ኦስካር ተጋራ። ታዲያ ይህን የመሰለ ሥራ ስሙ ለምን ቀነሰ? ኤም ጂ ኤም በ1941 ታሪኩን እንደገና ሊሠራ ሲል የቀድሞውን መብት ገዝቶ ከገበያ ስለሰወረው ነው።

የዚያው የኤም ጂ ኤም «ፍሪክስ» ዕጣ ከዚህም ይመርራል። ብራውኒንግ በ1932 በሰርከስ የሚሠሩ እውነተኛ አካል ጉዳተኞችን አሰልፎ ጨካኞቹ «ጤነኞቹ» መሆናቸውን ያሳየበት ፊልም ነው። የሙከራ ተመልካቾች ስለተረበሹ 90 ደቂቃ ያህል የነበረው ወደ 64 ወረደ፤ የተቆረጠው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ብሪታንያ ለሠላሳ ዓመት ከለከለችው። በ1962 የቬኒስ ፌስቲቫል ሲያሳየው ነው ከመቃብር የወጣው።

ከአሜሪካ ውጭ የካርል ድራየር «ቫምፒር» አለ፤ በ1932 በርሊን ላይ ጩኸት የተቀበለው። መስኮት ባለው የሬሳ ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ሰማዩንና የዛፍ ጫፎችን እያየ የሚጓዘውን ሰው ካየሁ በኋላ የሌሎቹ ቫምፓየሮች ጥርስ ብዙም አላስፈራኝም። ሌሎቹን በፍጥነት ልለፋቸው። «የማይታየው ሰው» (1933) የክሎድ ሬይንስ ድምፅና የጆን ፉልተን የጥቁር ቬልቬት ዘዴ ነው። «የጠፉ ነፍሳት ደሴት» ቻርልስ ሎውተን ጅራፍ ይዞ የሚያበሳጭበት፣ ብሪታንያም እስከ 1958 ያገደችው ነው። «ጥቁሯ ድመት» (1934) ካርሎፍንና ሉጎሲን ለመጀመሪያ ጊዜ አጋጥማለች። «ኪንግ ኮንግ»ስ? ዊሊስ ኦብራየን አሻንጉሊቱን በአንድ ጊዜ ጥቂት እያንቀሳቀሰ የቀረጸው ግዙፍ ዝንጀሮ ሰው ሲረግጥና ሲነክስ የታየባቸው ክፍሎች በ1938 እንደገና ሲታይ ተቆርጠው ነበር። ዛሬ «ጀብዱ ብቻ ነው» የሚሉት ሰዎች አስተያየት ከዚያ ከታጠበው ቅጂ የመጣ ይመስለኛል።

ከሐምሌ 1934 ጀምሮ የሆሊውድ የሥነ ምግባር ደንብ በአስፈጻሚው በጆሴፍ ብሪን እጅ ጥርስ አወጣ፤ የብሪታንያ ገበያም ጠበበ። በ1936 ሌምሌዎች ስቱዲዮአቸውን ሲያጡ አስፈሪ ፊልም ለሁለት ዓመት ያህል ቆመ። በ1938 አንድ የሎስ አንጀለስ አካባቢ ሲኒማ «ድራኩላ»ንና «ፍራንከንስታይን»ን ደርቦ ሲያሳይ ሕዝቡ ስለተሰለፈ ዩኒቨርሳል ወደ ሥራው ተመለሰ፤ «የፍራንከንስታይን ልጅ» በ1939 መጣ።

ደረጃውን ያጸናው ግን ቴሌቪዥን ነው። በ1957 የቴሌቪዥን አከፋፋዩ ስክሪን ጀምስ 52 የዩኒቨርሳል ፊልሞችን በአንድ ጥቅል ለአሜሪካ ጣቢያዎች አከራየ። የዚያ ዘመን ልጆች ሌሊት ተደብቀው ያዩት ካርሎፍንና ሉጎሲን ነው፤ ጥቅሉ ውስጥ የፓራማውንቱ ጄኪልም፣ ድራየርም አልነበሩም። እነዚያው ልጆች አድገው ስለ ፊልም ሲጽፉ ዝርዝሩ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። የእኔን ከጠየቃችሁኝ «ሙሽራይቱ» አንደኛ ናት፤ ማሙሊያን በአንድ ጸጉር ይከተላታል፤ «ቫምፒር» ሦስተኛ ነው። ለ«ፍሪክስ» ደረጃ አልሰጥም፤ ከሩብ በላይ የሆነው አካሉ የጠፋ ፊልም ነውና።