ቤተሰብን ግራ የሚያጋባው የብሪታንያ ባቡር ቲኬት

በብሪታንያ ልጆቹን ይዞ ለአንድ ቀን ሽርሽር በባቡር ለሚወጣ ወላጅ ከመንገዱ ይልቅ ቲኬቱ ይከብዳል። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በነፃ ይሄዳሉ፤ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉት የአዋቂውን ግማሽ ይከፍላሉ። እስከዚህ ግልጽ ነው። ነገር ግን ዋጋው ሠራተኛ በሚበዛበት ሰዓትና ከዚያ ውጪ ይለያያል፤ አንዱን ጉዞ መሃል ባለ ጣቢያ ላይ ለሁለት ከፍሎ ሁለት ቲኬት መቁረጥም፣ ከባቡሩ ሳይወርዱ፣ አንዳንዴ ከአንዱ ቲኬት ይረክሳል። የቤተሰብ ቅናሽ ካርድ ከአዋቂዎች ክፍያ ሲሶውን፣ ከልጆች 60 በመቶውን ይቀንሳል፤ ካርዱ ግን ራሱ ይገዛል፣ ልጅ አብሮ ካልተጓዘም አይሠራም።

የዋጋው መለያየት ባዶ ወንበሮችን ይሞላል የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። ቅር የሚያሰኘው ግን ርካሹን ዋጋ የሚያገኘው ደንቡን ያጠና ሰው ብቻ መሆኑ ነው። እንግሊዝኛው ገና ያልጠናለት ስደተኛ ቤተሰብ ያለአግባብ ብዙ ይከፍላል። ማቅለል እንደሚቻል ስኮትላንድ አሳይታለች፦ የስኮትላንድ ባቡር እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2025 ጀምሮ ሠራተኛ በሚበዛበት ሰዓት ይጨመር የነበረውን ዋጋ አንስቷል። ገቢ ይቀንሳል ለሚሉም፣ ቢያንስ የቲኬት ማሽኑ የልጆቹን ብዛት ጠይቆ ርካሹን ራሱ ያስላ። እስከዚያው ወላጆች ሆይ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የቤተሰብ ካርዱ ያዋጣ እንደሆነ የቲኬት መሸጫው መስኮት ላይ ጠይቁ።