የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ሞዴል መሰብሰብና የወጪው ምክንያት

የባቡር ሞዴል እውነተኛው ባቡር በተወሰነ ምጥጥን ተቀንሶ፣ ቅርጹና ቀለሙ ብቻ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ አካሄዱም ተመስሎ የሚሠራ ትንሽ ማሽን ነው። በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን እንዲህ ያሉ ሞዴሎችን መሰብሰብ፣ መጠገንና በቤት ውስጥ በተዘረጋ ሐዲድ ላይ መንዳት ብዙ ሰው የሚያዘወትረው የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ከሰብሳቢዎቹ መካከል በእንፋሎት ባቡር የሚማረኩት ብዙ ቢሆኑም፣ ኃይሉን ከሐዲዱ በላይ ከተወጠረ ሽቦ እየሳበ ፉርጎ የሚጎትተውን የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ከሁሉ አስበልጠው የሚወዱም ጥቂት አይደሉም። ሎኮሞቲቭ ሲባል ራሱ ተሳፋሪም ሆነ ጭነት ሳይዝ ሌሎቹን የሚስበው የባቡሩ ራስ ማለት ነው። አንድ አዲስ የሎኮሞቲቭ ሞዴል እንደ መጠኑና እንደ ጥራቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 እስከ 500 ዩሮ ያወጣል፤ በትልቁ ምጥጥን የሚሠራው ደግሞ ከ2,000 ዩሮ በላይ ሊደርስ ስለሚችል፣ ሰብሳቢው ለቤተሰቡም ለራሱም መልስ ሊሰጥበት የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ይህን ያህል ገንዘብ ለዚህ ማውጣት በምን ምክንያት ተገቢ ይሆናል የሚለው ነው። በብዛት የሚሰጠው መልስ «ዋጋው እያደር ይጨምራል» የሚል ሲሆን፣ ከመልሶቹ ሁሉ ደካማው እርሱ ነው። ጠንካራው መልስ የሚገኘው እውነተኛው ሎኮሞቲቭ ለምን ያን ቅርጽ እንደያዘ፣ ሞዴሉም ያንን ቅርጽ እንዴት እንደያዘ ከማወቅ ነው።

ምጥጥን የሚባለው በሞዴሉ ርዝመትና በእውነተኛው ርዝመት መካከል ያለው ዝምድና ነው። በዓለም ላይ እጅግ የተስፋፋው ኤች ኦ የተሰኘው 1፡87 ምጥጥን ሲሆን፣ በእውነተኛው ባቡር ላይ 87 ሴንቲ ሜትር የሆነው ነገር በሞዴሉ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ስሌት፣ በሁለቱ የሐዲድ ብረቶች መካከል ያለው 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ወደ 16.5 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። 1,435 ሚሊ ሜትር በብዙ አገሮች እንደ መደበኛ የሚቆጠር ስፋት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር የተዘረጋውም በዚሁ ልክ ነው፤ የቀድሞው የምድር ባቡር ሐዲድ ግን ስፋቱ 1,000 ሚሊ ሜትር ስለነበር፣ ያንን ባቡር በኤች ኦ ምጥጥን መሥራት የሚሻ ሰው 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሌላ ሐዲድ ያስፈልገዋል። ከኤች ኦ የሚያንሱት ኤን የሚባለው 1፡160 እና ዜድ የሚባለው 1፡220 ሲሆኑ፣ ከትልልቆቹ መካከል አንድ ቁጥር የሚባለው 1፡32 ይገኝበታል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሞዴል ባቡር ታሪክ ከአንድ የጀርመን ፋብሪካ ታሪክ ጋር በእጅጉ የተሳሰረ ነው። ማርክሊን የተባለው ይህ ድርጅት በ1859 በደቡብ ጀርመን በምትገኘው ጎፒንገን ከተማ በአንድ ቆርቆሮ ሠሪ የተቋቋመ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ሥራው ለአሻንጉሊት ቤት የሚሆኑ ትናንሽ የማብሰያ ዕቃዎችን ማምረት ነበር። መሥራቹ ቴዎዶር ፍሪድሪክ ቪልሄልም ማርክሊን በ1866 ሲሞት ባለቤቱ ካሮሊን ንግዱ እንዳይዘጋ ታግላ አቆየችው፤ በ1891 ደግሞ ድርጅቱ በላይፕሲግ የንግድ ትርኢት ላይ ሐዲድ ያለው ባቡር ይዞ ቀረበ። የዚያ ባቡር ዋናው ቁም ነገር ውበቱ አልነበረም፤ የሐዲዱ ስፋት በቁጥር ተለይቶ የተወሰነ ስለነበር፣ ዘንድሮ ባቡሩን የገዛ ቤተሰብ በሚቀጥለው ዓመት ሐዲድ፣ በሚከተለው ዓመት ፉርጎ፣ ከዚያም ጣቢያ እየጨመረ መሄድ ይችል ነበር። ስለዚህ ዛሬ ሰብሳቢው ራሱን የሚጠይቀው የወጪ ጥያቄ በአጋጣሚ የተፈጠረ ሳይሆን፣ ከመነሻው በዕቃው ውስጥ አብሮ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ፋብሪካው በ1935 በጠረጴዛ ላይ ሊዘረጋ የሚችለውን ትንሽ ባቡር ለገበያ አቀረበ፤ በ1972 ደግሞ ዜድ የሚባለውን አነስተኛ ምጥጥን አስተዋወቀ። በተመሠረተ በ150ኛ ዓመቱ፣ ማለትም በ2009፣ ዕዳውን መክፈል አቅቶት ለፍርድ ቤት አመለከተ፤ ከዚያም አገግሞ በ2013 በሌላ የአሻንጉሊት አምራች ቤተሰብ እጅ ገባ።

ከኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ሞዴሎች ሁሉ በሰብሳቢዎች ዘንድ የከበረው «አዞ» በሚል ቅጽል የሚታወቀው የስዊዘርላንድ ሎኮሞቲቭ ነው፤ ለወጪ የሚሰጥ ምክንያት ምን መምሰል እንዳለበትም ከእርሱ የተሻለ የሚያሳይ አይገኝም። ስዊዘርላንድ የራሷ የከሰል ድንጋይ ስለሌላት ባቡሮቿን የምታንቀሳቅሰው ከውጭ በሚገባ ከሰል ነበር፤ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ከሰሉ እጅግ ተወደደ፣ አቅርቦቱም ተመናመነ፣ ባቡሮችም ቀነሱ። አገሪቱ ግን ከተራሮቿ የሚወርድ ብዙ ውኃ ስለነበራት፣ ሕዝቡ «ነጭ ከሰል» ይለው ከነበረው ከዚህ ውኃ ኤሌክትሪክ አመንጭታ ባቡሯን ለመንዳት ወሰነች። ቅድሚያ የተሰጠው በአልፕስ ተራሮች መካከል ወደ ኢጣልያ የሚያልፈው የጎትሃርድ መስመር ሲሆን፣ ይህ መስመር በ1882 የተከፈተ 15 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ዋሻ አለው፤ አቀበቱም በየ1,000 ሜትሩ 26 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። በዚህ አቀበት ላይ ከባድ የጭነት ባቡር የሚጎትት ማሽን ያስፈልግ ስለነበር፣ በቪንተርቱር የሚገኘው የሎኮሞቲቭ ፋብሪካና ኤርሊኮን የተባለው የኤሌክትሪክ ማሽኖች ፋብሪካ ተባብረው ከ1919 እስከ 1922 ባለው ጊዜ 33 ሎኮሞቲቮችን ሠሩ፤ በ1926 እና በ1927 ደግሞ የተሻሻለ ዓይነት 18 ጨመሩ።

የሎኮሞቲቩ ቅርጽ ለውበት ተብሎ የተመረጠ ሳይሆን ችግርን ለመፍታት የመጣ ነው። የዚያን ጊዜ የኤሌክትሪክ ሞተር ግዙፍና ከባድ ስለነበር በእያንዳንዱ መንኮራኩር አጠገብ ማስቀመጥ አይቻልም ነበር፤ ስለዚህ ሞተሮቹ በፊትና በኋላ ባሉት ረጃጅም አፍንጫዎች ውስጥ ተቀመጡ፣ ጉልበታቸውም በዘንግና በወፍራም የብረት ክንድ አማካይነት ለመንኮራኩሮቹ ይተላለፍ ጀመር። ነጂውና ትራንስፎርመሩ፣ ማለትም ከሽቦው የሚመጣውን 15,000 ቮልት ሞተሩ ወደሚችለው መጠን የሚያወርደው መሣሪያ፣ በመካከለኛው ክፍል ተቀመጡ። ሦስቱ ክፍሎች በመጋጠሚያ የተያያዙ ስለሆኑ፣ 19 ሜትር ከግማሽ ገደማ ርዝመት ያለው ይህ ማሽን በተራራው ጠመዝማዛ ላይ ወገቡን እያጠፈ ያልፋል፤ «አዞ» የተባለውም በዚህ ረጅም አፍንጫውና በሚተጣጠፈው አካሉ የተነሳ ነው። በጎኑ የተጻፈው መለያም መረጃ ይሰጣል፦ የመጀመሪያዎቹ ሲ ኢ 6/8 ይባሉ የነበረ ሲሆን፣ ሲ የፍጥነት ደረጃውን፣ ኢ የኤሌክትሪክ መሆኑን፣ 6/8 ደግሞ ከስምንቱ የመንኮራኩር ዘንጎች ስድስቱ በሞተር የሚዞሩ መሆናቸውን ያመለክታል። ከ33ቱ መካከል 13ቱ በ1940ዎቹ ታድሰው ፍጥነታቸው ከ65 ወደ 75 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከፍ ሲል፣ መለያቸውም ወደ ቢ ኢ 6/8 ተቀየረ። በቁጥሩ ላይ ያለች አንዲት ፊደል ስህተት ለባለሙያ ሰብሳቢ ትልቅ ጉዳይ የምትሆነው ከዚህ የተነሳ ነው፤ ሞዴሉ የትኛውን ዘመን እንደሚወክል የምትናገረው እርሷ ናትና።

ማርክሊን የአዞውን ሞዴል በትልልቅ ምጥጥኖች በ1930ዎቹ፣ በኤች ኦ ደግሞ በ1947 መሥራት ጀመረ። የኤች ኦው አዞ 22 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ሲሆን፣ አካሉ ከዚንክ ቅይጥ ስለተቀረጸ በእጅ ሲያነሱት ክብደቱ ያስገርማል፤ ክብደቱ ግን ያለ ምክንያት አይደለም፣ መንኮራኩሩ ሐዲዱን ጨብጦ ብዙ ፉርጎ እንዲጎትት ያስችለዋል። እውነተኛውን በተራራ ላይ ያጣጠፈው መጋጠሚያ እዚህም ሥራ አለው፤ በጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋው ጠባቡ ክብ ሐዲድ ከመሐል እስከ ዳር 36 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ይህ በእውነተኛው ልክ ሲሰላ 31 ሜትር ገደማ ስለሚሆን፣ የዋና መስመር ባቡር ፈጽሞ ሊዞርበት የማይችል ነው፤ ሞዴሉ ግን ወገቡን አጥፎ ይዞርበታል። በሆዱ ሥር ያለችው ስስ የብረት ምላስ በሐዲዱ መካከል ከተደረደሩት ትናንሽ ጉጦች ኮረንቲ ትቀበላለች፤ ኮረንቲውም በሁለቱ የሐዲድ ብረቶች በኩል ይመለሳል። በዚህ የተነሳ ሐዲዱ ክብ ሠርቶ ወደ ራሱ ቢመለስ እንኳ ኮረንቲው አይጋጭም። ሌሎች አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ የሚከተሉት በሁለቱ ብረቶች በኩል ብቻ ቀጥተኛ ኮረንቲ የሚልከውን ሥርዓት ስለሆነ፣ የአንዱ ሎኮሞቲቭ በሌላው ሐዲድ ላይ እንዲሁ አይሄድም፤ ገዢው ከመክፈሉ በፊት ይህን ማረጋገጥ አለበት። በቆዩት ሞዴሎች ላይ ሌላም የምታስደስት ነገር አለች፦ ትንሽ ማቀያየሪያ ስትዞር፣ ሎኮሞቲቩ ኮረንቲውን ከሥር መቀበሉን ትቶ በጣሪያው ላይ ባለው ክንድ አማካይነት ከላይ ከተወጠረው ቀጭን ሽቦ በእውነት ይቀበላል። ሞዴሉ የእውነተኛውን መልክ ብቻ ሳይሆን አሠራሩንም የወረሰባት ቦታ ይህች ናት።

እንግዲህ ወደ ገንዘቡ ጉዳይ ስንመለስ፣ «ዋጋው ይጨምራል» የሚለው ክርክር በጣም ጥቂት ለሆኑ ዕቃዎች ብቻ ይሠራል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በትንሽ ቁጥር የተሠሩ፣ ቀለማቸው ያልተነካ የቆርቆሮ ባቡሮች በጨረታ ከፍተኛ ዋጋ ያወጣሉ፤ በፋብሪካ በብዛት የተመረቱት የኋለኞቹ ሞዴሎች ግን አብዛኞቹ ከተገዙበት ባነሰ ዋጋ ይሸጣሉ። ምክንያቱም በልጅነታቸው የተመኟቸውን ሞዴሎች በጉልምስናቸው የገዙት ሰዎች እያረጁ ስብስቦቻቸው ወደ ገበያ ሲወጡ፣ ተተኪው ገዢ በቁጥር አነስተኛ ነው። በዚያ ላይ ብረቱ ራሱ ሊከዳ ይችላል። የዚንክ ቅይጡ በሚቀልጥበት ጊዜ እርሳስ የመሰለ ባዕድ ነገር ከገባበት፣ ከዓመታት በኋላ ከውስጥ እየተሰነጠቀ ያብጣል፣ ይጣመማል፣ በመጨረሻም ይፈረካከሳል፤ ሰብሳቢዎች «የዚንክ ተስቦ» የሚሉት ይህ ጉዳት እርጥበት ሲያገኝ ይባባሳል፣ አንዴ ከጀመረም መድኃኒት የለውም። ያገለገለ ሎኮሞቲቭ የሚገዛ ሰው ቀለሙን ከማድነቁ በፊት ገልብጦ በደማቅ ብርሃን ጥቃቅን ስንጥቆችን ቢፈልግ፣ አካሉም ቀጥ ያለ መሆኑን ቢያረጋግጥ ገንዘቡን ያድናል።

ሰው ለራሱ ምክንያት የሚፈጥርበት መንገድ በምጣኔ ሀብት ጥናትም ተመርምሯል። በ2017 የኖቤል ሽልማት ያገኘው አሜሪካዊው ሪቻርድ ቴለር፣ ሰዎች ገንዘባቸውን በሐሳባቸው ውስጥ በተለያዩ ኪሶች እንደሚከፋፍሉትና የአንዱ ኪስ ብር ከሌላው የቀለለ መስሎ እንደሚታያቸው አሳይቷል፤ ከደመወዙ 300 ዩሮ ለማውጣት የሚሳሳ ሰው ያንኑ ያህል ገንዘብ ጉርሻ ሆኖ ሲመጣለት ሳያመነታ ለሞዴል የሚከፍለው ከዚህ የተነሳ ነው። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴኒ ዲድሮ ደግሞ ከዚያ ብዙ ዘመን አስቀድሞ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ አዲስ የቤት ካባ ካገኘ በኋላ አሮጌ ዕቃዎቹ ሁሉ ከካባው ጋር አልሄድ እያሉት አንድ በአንድ እንደለወጣቸው ጽፏል። ሎኮሞቲቭም እንዲሁ ለብቻው አይመጣም፤ የዘመኑን ፉርጎ፣ ፉርጎው ሐዲድ፣ ሐዲዱ ጣቢያና ተራራ ይጠይቃል። ከዚህም የከፋው ተከታታዩን የማሟላት ፍላጎት ነው። አዞውን በጎትሃርድ የተካው ኤ ኢ 6/6 የተሰኘው ሎኮሞቲቭ ከ1952 እስከ 1966 በ120 ብዛት ተሠርቶ፣ እያንዳንዱ የአንድ ክፍለ ግዛት ወይም የአንድ ከተማ ዓርማ ተለጥፎበታል፤ ይህም ለስዊዘርላንድ ሕዝብ የሚያኮራ ሐሳብ ነበር። ለሞዴል አምራቹ ግን በአንድ ቅርጽ ማውጫ ዓርማውን ብቻ እየቀየረ ደጋግሞ ለመሸጥ በር ይከፍታል፤ ሁሉንም አሟላለሁ ብሎ የተነሳ ሰው በመጨረሻ የሚሰበስበው ሎኮሞቲቭ ሳይሆን ዓርማ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ግዢው ተገቢ አይደለም ማለት አይደለም። መጽሐፍ፣ የሙዚቃ መሣሪያ ወይም ሥዕል የሚገዛ ሰው ነገ አትርፎ ሊሸጠው ስላሰበ እንዳልገዛው ሁሉ፣ ሎኮሞቲቩም በሚሰጠው ዕውቀትና ደስታ ሊመዘን ይገባዋል። አዞውን የያዘ ሰው አንዲት ከሰል የሌላት አገር በጦርነት ጊዜ የወሰነችውን ውሳኔ፣ ግዙፍ ሞተር በጠባብ ቦታ የማስቀመጥን ጥበብና የተራራ መንገድን ፈተና በእጁ ይዟል፤ ለልጁ ሲያስረዳም ክንዱ እንዴት መንኮራኩሩን እንደሚያዞር ሊያሳየው ይችላል። እንዲህ ያለ ስብስብ የሚገኘው ግን በአንድ መስመር፣ በአንድ ዘመን ወይም በአንድ የምህንድስና ችግር ዙሪያ የሚያጠነጥን ገደብ አስቀድሞ ከተበጀ ነው፤ በጎትሃርድ ላይ ብቻ የወሰነ ሰው በአምስትና በስድስት ሎኮሞቲቭ የሃምሳ ዓመት ታሪክ ሊያሳይ ሲችል፣ የወደደውን ሁሉ የሚገዛ ሰው በመቶ ሳጥን የሚያሳየው ታሪክ የለውም። ዋጋውን ከትዳር ጓደኛ መደበቅ በሰብሳቢዎች ዘንድ እንደ ጨዋታ የሚወራ ቢሆንም፣ በቤተሰብ ፊት በግልጽ ሊነገር የማይችል ወጪ ምክንያቱ እንዳልተገኘለት ይቆጠራል።

ገዢው ሊያውቀው የሚገባ አንድ የመጨረሻ ነገር አለ። በሞተሩና በጥርሶቹ ላይ ያለው ዘይት ለዓመታት ሳይንቀሳቀስ ሲቀር እየወፈረ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፤ ከሳጥኑ ሳይወጣ የኖረ ሎኮሞቲቭም ኮረንቲ ሲሰጠው ድምፅ ብቻ እያሰማ መንቀሳቀስ ያቅተዋል፣ በዚያ ሁኔታ ቢገደድም ሞተሩ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ሞዴል የገዛ ሰው በዓመት ውስጥ ጥቂት ጊዜ ሐዲድ ላይ አውጥቶ በሁለቱም አቅጣጫ ያሂደው፤ ዘይት ሲጨምርም በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ ትበቃዋለች።