ጥሩ ሥራችሁን የሚያይ ሲጠፋ

መቀሌ ውስጥ ሮማናት አደባባይ አካባቢ ያሉ አነስተኛ ነጋዴዎችን በሂሳብ ሥራ አማክራለሁ። ደጋግሜ የምሰማው «ሥራዬ ጥሩ ነው፤ የሚያውቅልኝ ግን የለም» የሚል ነው።

ከሰኔ 2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የመቀሌ ባንክ፣ ስልክና መብራት ተቋርጦ ቆየ። የትግራይን ጦርነት ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈርሞ በታኅሣሥ ወደ ከተማዋ አውሮፕላን ዳግም መብረር ሲጀምር፣ ብዙው የድሮ ደንበኛ ወይ ተሰዷል ወይ ኪሱ ባዶ ሆኗል። ስለዚህ ደንበኛ ስለቀረ ብቻ ሥራችሁ ተናቀ አትበሉ። አንዲት ልብስ ሰፊ ደንበኛ ቀረ ብላ ተስፋ በመቁረጥ ስፌቷን ማላላት የለባትም።

ዝም ብሎ መጠበቅን ግን ጽናት አልለውም። ተመልሶ የሚመጣ ደንበኛ ካላችሁ ሥራው ጥሩ ነው፤ የጎደለው ወሬው ነው። ረክቶ የሚሄደውን ሰው «ለወዳጅህ ንገርልኝ» ማለት አያሳፍርም። አንድም ተመላሽ ከሌለ ዋጋውንና ዕቃውን መርምሩ።

ሥራችሁን ለአበዳሪም ለማሳየት መዝገብ ያዙ፤ ሽያጫችሁም በባንክ ይለፍ። ብድር ስትጠይቁ አበዳሪው ከእጃችሁ ሙያ ይልቅ የገንዘባችሁን እንቅስቃሴ ያያል። እባካችሁ፣ ዛሬ ማታ ሱቅ ከመዝጋታችሁ በፊት የቀኑን ሽያጭ ጻፉ።