«ዛሬ ሌሊት ስልክዎን ያጥፉ»

ቆቦ ያለችው አክስቴ ባለፈው ሰሞን አንድ ሌሊት ሙሉ ስልኳን አጥፍታ አደረች። ምክንያቱ በቴሌግራም የደረሳት መልእክት ነው። «ዛሬ ከሌሊቱ 6፡30 እስከ 9፡30 አደገኛ የኮስሚክ ጨረር በመሬት አጠገብ ያልፋል፤ ስልክዎን ያጥፉ፣ ከአልጋዎ ያርቁ፣ ለሚወዱት ሁሉ ይላኩ» ይላል። እሷም ለሚወዷት ሁሉ ላከች፣ ስልኳን አጠፋች፣ ጓዳ ውስጥ አስቀምጣ ተኛች።

ችግሩ ልጇ ሳዑዲ መሆኗ ነው። የምትደውለው አሠሪዎቿ ሲተኙ፣ በዚያችው ሰዓት ነው። ደጋግማ ደውላ ስታጣት እኔን ቀሰቀሰችኝ፣ እያለቀሰች። ቆቦ ስልክ አይሠራም ማለት ምን ማለት ሊሆን እንደሚችል ያለፉት ዓመታት በደንብ አስተምረዋታል። ጎረቤት ፈልገን፣ አስቀስቅሰን፣ አክስቴ ደህና መሆኗ እስኪረጋገጥ ሊነጋ ምንም አልቀረውም።

ይህ መልእክት ዓለምን ለዓመታት የዞረ የቆየ ውሸት ነው። ለአክስቴ ግን «ውሸት ነው» ብሎ መዝጋት አልሆነልኝም። «ጨረሩ ጭራሽ የለም ነው የምትለኝ?» አለችኝ። አለ። እንዲያውም በየደቂቃው የሚቆጥሩት ሳተላይቶች አሉ። ኢኮኖሚክስ ነው የተማርኩት፤ ፊዚክስ ላይ እንደናንተው ነኝ፤ ግን ሁለት ሳምንት አነበብኩ።

ከህዋ የሚመጣው ጨረር አብዛኛው ፕሮቶን ነው፤ የሃይድሮጅን አቶም ኤሌክትሮኑን ሲያጣ የሚቀረው ማለት ነው። ከፊሉ ከሩቅ ከዋክብት ይመጣል። ከፊሉን ፀሐይ ስትቆጣ ትወረውረዋለች፤ ይሄኛው በአንድ ሰዓትና ከዚያም ባነሰ ጊዜ ሊደርስ ይችላል። ከምድር 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው የሚዞሩት ጎዝ የተባሉ የአሜሪካ ሳተላይቶች ከሥራቸው አንዱ እነዚህን ፕሮቶኖች መቁጠር ነው።

እንዴት ይቆጠራል? የራያን ሜዳ አስቡ። ከምዕራብ ተራሮች የሚወርደውን ጎርፍ ገበሬው ጠልፎ ማሳው ውስጥ ያስገባዋል። ደካማ ጎርፍ የመጀመሪያው ማሳ ላይ ሰርጎ ይቀራል። ጠንከር ያለው ሁለተኛውን፣ ኃይለኛው ሦስተኛውን ይደርሳል። ዝናቡ ሲወርድ ባታዩትም፣ ጠዋት የትኛው ማሳ እንደረጠበ አይታችሁ የጎርፉን ጉልበት ትናገራላችሁ። የሳተላይቱ መሣሪያም በተደራረቡ የሲሊኮን ገበታዎች ይሠራል። 10 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያለው ፕሮቶን ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ ሲሊኮን ውስጥ ይቆማል፤ የ100 ሚሊዮኑ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ቅንጣቷ ባለፈችበት ሁሉ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምልክት ትተዋለች። የትኛው ገበታ ድረስ ሄደች፣ ስንት ምልክት ተወች ተብሎ ጉልበቷ ይሰላል። የስልካችሁ ካሜራ ብርሃን የሚይዘውም በዚሁ በሲሊኮን ነው።

መቁጠሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልተሳካም። እ.ኤ.አ. በጥር 1958 የተወነጨፈችው ኤክስፕሎረር 1 የጄምስ ቫን አለንን ቆጣሪ ይዛ ነበር። አንዳንድ ቦታ ላይ ቆጣሪው ዜሮ አሳየ። ባዶ ስለነበረ አይደለም፤ ቅንጣቱ ከመብዛቱ የተነሳ መሣሪያው መቁጠር አቅቶት ነው። ዛሬ የቫን አለን ቀበቶዎች የምንላቸው የተገኙት ከዚያ ዜሮ ነው። (ዳታ ሲያዩ ዜሮን ለሚንቁ የክፍል ጓደኞቼ ይድረስ።)

ወደ አክስቴ ጥያቄ እንመለስ። የፀሐይ ፕሮቶን ማዕበል አለ የሚባለው 10 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልትና ከዚያ በላይ ጉልበት ያላቸው ፕሮቶኖች ቁጥር የተወሰነ መጠን ሲያልፍ ነው። ደረጃው ከ1 እስከ 5 ይደርሳል፤ እያንዳንዱ ደረጃ ካለፈው 10 እጥፍ ይበልጣል። እነዚህ ፕሮቶኖች ቆቦ ለመድረስ ሲሞክሩ የምድርን መግነጢስ ያገኛሉ። መግነጢሳዊው ወገብ ኢትዮጵያን አቋርጦ ያልፋል፤ ጋሻው የሚጠነክረውም ወገቡ አካባቢ ነው። ሰማያችን ላይ ለመድረስ አንድ ፕሮቶን ከ10 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ያስፈልገዋል፤ ከዚያ የ10 ሚሊዮን መለኪያ ሺህ እጥፍ ማለት ነው። ሌላው ወደ ዋልታዎቹ ይጠለፋል። ከፀሐይ ማዕበል ጨረር ለመሸሽ መሬት ላይ ቦታ ምረጡ ብትባሉ፣ ራያ ከጥሩዎቹ አንዱ ነው።

ጉልበቱ በቅቶት የሚያልፈው ጥቂቱ ደግሞ ከላይ አየሩን መትቶ ይሰባበርና ስባሪው ይወርዳል። ባሕር ወለል ላይ እያንዳንዷን ካሬ ሴንቲ ሜትር በደቂቃ አንድ ገደማ ሚዩኦን ያልፍባታል። የስልካችሁ ፊት 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በደቂቃ 100 ገደማ። ቀንም ሌሊትም፣ ስልኩ በራም ጠፋም። አያቶቻችንም ይሄው ሲያልፍባቸው ነው የኖሩት።

የሚጎዳውስ ማን ነው? ሳተላይቶች፣ ጠፈርተኞች፣ በዋልታ በኩል የሚበሩ አውሮፕላኖች። ፕሮቶን የሳተላይት ሜሞሪ ውስጥ ገብቶ ዜሮን አንድ ሊያደርግ ይችላል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 20 ቀን 2019 ከቻይና የተወነጨፈችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 ሥራዋ ማሳንና ደንን ፎቶ ማንሳት እንጂ ፕሮቶን መቁጠር አልነበረም። ግን በ600 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚዞር ሁሉ ደቡብ አትላንቲክ ላይ፣ ቀበቶው ዝቅ በሚልበት ስፍራ፣ የፕሮቶን ዝናብ ውስጥ ያልፋል። ሃብል ቴሌስኮፕ እንኳ እዚያ ሲደርስ ምልከታውን ያቋርጣል።

እኛን የሚነካን ሌላው መንገድ ጂፒኤስ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ከ2003 ወዲህ ያልታየ ኃይለኛ የመግነጢስ ማዕበል ሲመጣ፣ አሜሪካ ውስጥ በጂፒኤስ የሚመሩ የእርሻ ማሽኖች መስመር ስተው ገበሬዎች በዘር ወቅት ሥራ አቁመው ነበር። በመግነጢሳዊ ወገብ አካባቢ ያለን ሰዎች ጋሻችን ቢጠነክርም፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው የሰማያችን ኤሌክትሪካዊ ንብርብር ግን ከሌላው ዓለም የበለጠ ይረበሻል፤ በተለይ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መግነጢሱን ሲለካ የኖረው፣ አዲግራትም መለኪያ የተተከለው ስፍራችን ለዚህ ጥናት ስለሚፈለግ ነው። ይሁንና ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ፀሐይን እንዳትወነጅሏት፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ በጣም ቅርብ ነው።

የጎዝ ቆጠራ በየአምስት ደቂቃው እየታደሰ ለሁሉም በነፃ ይለቀቃል። ትምህርት ቤት የሕዝብ አገልግሎት ዕቃ ምሳሌ ስጡ ስንባል የመንገድ መብራት ነበር የምንለው። አሁን ብጠየቅ ይሄን እላለሁ፦ የቆቦ ሰው ቢያየው የቦስተኑን አይቀንስበትም፣ ክፈል የሚለውም የለም። የኖዋ የሕዋ አየር ሁኔታ ትንበያ ማዕከል ገጽ ላይ ቀዩን መስመር ተመልከቱ። ተጋድሞ ከሆነ ፀሐይ ተኝታለች።

ግራፉን ፎቶ አንስቼ ለአክስቴ ላክሁላት፤ «አብሽሪ፣ ይኼ መስመር ተጋድሟል፣ አንቺም ስልክሽን ከፍተሽ ተኚ» ብዬ። አሁን እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሳት ለሰው ከመላኳ በፊት ለእኔ ታስተላልፈዋለች። ትናንት አንድ ስለ ነጭ ሽንኩርት መጣልኝ። ከሥሩ በድምፅ፦ «ልጄ፣ ይኼንስ የሚቆጥር ሳተላይት አለ?»