ደወሉ ረሃብን ሲቀድም

ሪያድ ሙቀቱን ሸሽታ በምሽት የምትኖር ከተማ ናት። ገበያውም መናፈሻውም የዘመድ ጥየቃውም የሚደምቀው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው፤ ልጆችም ከቤተሰቡ ጋር ያመሻሉ። የትምህርት ቤት ደወል ግን ጠዋት 1 ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ይሰማል። በከተማዋ ተማሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ቁርስን አዘውትሮ የማይበላው ልጅ ብዙ እንደሆነ፣ ይህም ከእንቅልፍ ማነስ ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል። እዚህ ከተማ ላይ ቁርስን ከልጁ አፍ የሚነጥቀው በአብዛኛው ድህነት ሳይሆን ሰዓት ነው ባይ ነኝ።

«አልራበኝም» የሚል ልጅ አመለኛ ተደርጎ መታየት የለበትም። የምግብ ፍላጎት በሰውነት ውስጣዊ ሰዓት ይመራል። በአዋቂዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የላቦራቶሪ ጥናት፣ ረሃብ ዝቅ የሚለው ሌሊቱን ሙሉ ምግብ ሳይቀመስ በታደረበት ጠዋት፣ የሚያይለው ደግሞ ማታ እንደሆነ አግኝቷል። አንጎል ግን ፍላጎት እስኪመጣ ሥራውን አያቆምም። በ5 ዓመት ገደማ የሕፃን አንጎል ሰውነቱ በቀን ከሚያወጣው ኃይል ከ40 በመቶ በላይ ይወስዳል፤ የአዋቂ 20 በመቶ አካባቢ ነው። ሌሊት ስኳር የሚያቀብለው ጉበት ሲሆን፣ ክምችቱ እስኪነጋ በእጅጉ ይመናመናል።

ቁርስ ትምህርት ላይ ለውጥ ያመጣል? በጃማይካ ገጠር የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት ለግማሾቹ ተማሪዎች ዓመቱን ሙሉ ቁርስ፣ ለሌሎቹ ሩብ ብርቱካን ብቻ ሰጠ። ቁርስ ያገኙት ከትምህርት ቤት መቅረት ቀነሱ፣ በቁመትና በክብደትም ትንሽ በለጡ፤ የታችኛው ክፍል ልጆች በሒሳብ ተሻሻሉ። ልዩነቱ መጠነኛ ነው፣ ግን እውነተኛ ነው።

ስለዚህ ቤት ውስጥ ሳይርበው የወጣ ልጅ ቁርሱን ትምህርት ቤት ማግኘት አለበት። ለምሳሌ አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ትመግባለች። በሪያድ ግን የትምህርት ቤቱ ካንቲን ምግብ የሚሸጠው በመጀመሪያው እረፍት ነው። በካንቲኑ ለስላሳ መጠጥ መከልከሉ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ይሁን እንጂ አጭሩ እረፍት በሰልፍ ካለቀ ጥሩ ምግብ መኖሩ ብቻ አይበቃም። እረፍቱ ቢቀድምና ቢረዝም፣ ምግቡም ክፍል ድረስ ቢሄድ እመርጣለሁ።

ምን ይቅረብ? ከባቄላ የሚሠራው ፉል በሪያድም በአዲስ አበባም የሚታወቅ ቁርስ ነው፤ ፕሮቲኑና አሰሩ ስኳር ወደ ደም ቀስ ብሎ እንዲገባ ያደርጋሉ። ሎሚ ሲጨመቅበት ሰውነት የባቄላውን ብረት በተሻለ ይቀበላል፤ ሻይ ግን ያንኑ ብረት ስለሚያግድ ቆይቶ ቢጠጣ ይሻላል። አንድ ከባድ ማሳሰቢያ አለ፦ ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ልጆች ባቄላ ሲበሉ ቀይ የደም ሴላቸው ሊፈርስ ይችላል። ችግሩ በሳዑዲ፣ በተለይም በምሥራቁ ክፍል፣ ብርቅ አይደለም። ለእነዚህ ልጆች እንቁላል ወይም አይብ በዳቦ መዘጋጀት አለበት፤ ካንቲኑም እነማን እንደሆኑ አስቀድሞ ከወላጆቻቸው ጠይቆ ይወቅ።