መንገዱን ማለም

ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን ወይም ረጅም ስብሰባ ውስጥ ተቀምጠን ሐሳባችን ሳናውቀው ይነጉዳል። አንዱ ገና ያልከፈተውን ሱቅ ዕቃ ይደረድራል፤ ሌላዋ የምረቃ ጋዋን ለብሳ ከእናቷ ጋር ፎቶ ትነሣለች። በዚህ ብቻ ሰነፍ አንባልም። ሁለት የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ማቲው ኪሊንግስወርዝና ዳንኤል ጊልበርት፣ 2,250 ሰዎችን ባልጠበቁት ሰዓት በስልካቸው እየጠየቁ ያካሄዱትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2010 አሳትመው ነበር። ሰዎቹ ምላሽ ከሰጡባቸው ጊዜያት በ47 በመቶው ገደማ ሐሳባቸው ከያዙት ሥራ ርቆ ነበር። የሰው አንጎል ሥራ ሲፈታ አያርፍም፤ ያለፈውን ያመላልሳል፣ የሚመጣውን ይሥላል።

ስለዚህ ማለማችን አይቀርም። የሚያሳስበው ምን እንደምናልም ነው፤ አንዳንዱ ሕልም ጉልበት ሲሰጥ፣ አንዳንዱ ያለንንም ይወስድብናልና።

ጀርመናዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጋብሪኤሌ ኧቲንገን ይህን ጉዳይ ለአሥርት ዓመታት አጥንታለች። እ.ኤ.አ. በ1991 ከባልደረባዋ ጋር ባወጣችው ጥናት፣ ክብደት ለመቀነስ የተመዘገቡ ሴቶች ወደፊት ራሳቸውን እንዴት እንደሚያዩት ተጠየቁ። ቀጥነውና አምረው፣ ሁሉም ነገር ያለችግር ተሳክቶላቸው የታያቸው ሴቶች፣ ፈተናው አስቀድሞ ከታያቸው ሴቶች በአማካይ 11 ኪሎ ያህል ያነሰ ክብደት ቀነሱ። ሥራ ፈላጊ ተመራቂዎችም ላይ ተመሳሳይ ነገር ታየ። በሐሳባቸው አዘውትረው ጥሩ ሥራ ይይዙ የነበሩት ያስገቡት ማመልከቻ አነስተኛ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ደመወዛቸው ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ይህ ግን ተስፋን አያጣጥልም። ካለፈ ልምዳቸው ተነሥተው «ይሳካልኛል» ብለው የጠበቁ ሰዎች የበለጠ ተሳክቶላቸዋል።

ይህ ለምን ይሆናል? ኧቲንገንና ሄዘር ካፕስ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ሙከራ፣ የምኞታቸውን መሳካት በሐሳባቸው ያጣጣሙ ሰዎች የደም ግፊታቸው ዝቅ ብሎ ታይቷል። ሰውነት ለሥራ ሲነሣሣ ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ግቡን የጨበጠ ሲመስለው ግን ይረጋጋል። ለጭንቀት ይህ መልካም ነው፤ ሥራው ገና ላልተጀመረ ሰው ግን ኪሳራ ነው።

ታዲያ ምን እናልም? በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሊየን ፋምና ሼሊ ቴይለር ፈተና የደረሰባቸውን ተማሪዎች ከፋፍለው በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ እንዲያስቡ አደረጉ። አንዱ ቡድን ውጤት ከተለጠፈበት ሰሌዳ ፊት ቆሞ ትልቅ ማርክ ሲያይና በደስታ ሲፈነድቅ ራሱን ተመለከተ። ሌላው ደግሞ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ምዕራፉን ሲያነብ፣ ማስታወሻውን ሲከልስ ራሱን ተመለከተ። ረዘም ላለ ሰዓት ያጠናውና የተሻለ ውጤት ያመጣው ሁለተኛው ነበር። ደስታውን ያለመው አነሰ፣ ጥናቱን ያለመው በለጠ።

መንገዱን ማለም አንጎል ላይ እንኳ አሻራ ይተዋል። አልቫሮ ፓስኳል ሌዮኔ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው ጥናት፣ ፒያኖ የማያውቁ ሰዎች አንድ የጣት ልምምድ በቀን ሁለት ሰዓት ለአምስት ቀን ሠሩ። ሌሎች ፒያኖ ፊት ተቀምጠው፣ ጣታቸውን ሳያንቀሳቅሱ ልምምዱን በሐሳብ ብቻ ተወጡት። ጣትን የሚያዝዘው የአንጎል ክፍል በሁለቱም ቡድን ላይ ሰፋ። በአጨዋወት ግን በእጃቸው የተለማመዱት ቀደሙ፤ በሐሳብ የተለማመዱት የደረሱባቸው ሁለት ሰዓት በእጃቸው ከሠሩ በኋላ ነው። ሐሳብ አፈሩን ያለሰልሳል፤ ዘሩን የሚዘራው ግን እጅ ነው።

ቀጣዩ እርምጃ እንቅፋቱን በስሙ መጥራትና መልሱን አስቀድሞ መወሰን ነው። ፒተር ጎልቪትሰር በጀርመን ተማሪዎችን የገና ዋዜማን እንዴት እንዳሳለፉ በሁለት ቀን ውስጥ ጽፈው እንዲልኩ ጠየቀ። መቼና የት እንደሚጽፉ አስቀድመው ከወሰኑት 71 በመቶው ላኩ፤ ካልወሰኑት ግን 32 በመቶው ብቻ። እኛም ዘንድ ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የምትዘጋጅ ልጅ «ጠንክሬ አጠናለሁ» ከምትል ይልቅ «ከእራት በኋላ ዕቃው ሲነሣ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ የሒሳብ ደብተሬን እከፍታለሁ፤ መብራት ከጠፋ ተኝቼ በ11 ሰዓት እነሣለሁ» ብትል ይሻላታል። ያን ጊዜ ፈቃደኝነቷን በየምሽቱ መለመን አያስፈልጋትም፤ ሰዓቱ ራሱ ያስነሣታል።

ሯጩ ኃይሌ ገብረሥላሴ በልጅነቱ የምሩፅ ይፍጠርን የሞስኮ ኦሊምፒክ ድል በሬዲዮ ሰምቶ እንደ እሱ መሆን ተመኘ። ያን ቀን የተመኙ ልጆች ብዙ ናቸው። ኃይሌ ግን በአርሲ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ትምህርት ቤት ይሮጥ ነበር፤ ደብተር ያቀፈበት ግራ ክንዱ በአትላንታና በሲድኒ ለወርቅ ሲሮጥም እንደታጠፈ ነበር። ሕልሙ በየቀኑ የሚረግጠው መንገድ ነበረው።

ዲሲፕሊን የምንለው የዚህ ድግግሞሽ ውጤት ነው። በለንደን ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለው፣ አንድ አዲስ ተግባር ልማድ ለመሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈልግ አገኙ፤ ለአንዱ 18 ቀን ሲበቃ፣ ለሌላው እስከ 254 ቀን ይሄዳል ተብሎ ተገምቷል። አንድ ቀን መዝለል ደግሞ ልማዱን አላፈረሰውም። ስለዚህ ትናንት የቀረበት ሰው ዛሬ ከዜሮ አይጀምርም፤ ካቆመበት ይቀጥላል።

ምኞታችሁን ወረቀት ላይ አስፍሩ። ከሥሩ፣ ከውስጣችሁ የሚይዛችሁን ዋና እንቅፋት ጻፉ፤ እሱ ሲመጣ ምን እንደምታደርጉም ጨምሩ። ከዚያ «ነገ በስንት ሰዓት? የት ሆኜ? በምን ልጀምር?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ሦስቱንም ከመለሳችሁ ሕልማችሁ ዕቅድ ሆኗል፤ የቀረው በሰዓቱ መነሣት ነው።